ማማ ላይ የወጡ ቱሪስቶች

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ደምሰው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር።

«ስለ ዱር እንስሳ ምን ታውቂያለሽ?»

«አምቦ ነው ያደግኩት፤ ማታ ማታ ጅብ ሲጮኽ እሰማለሁ» አልኳቸው።

«ይበቃል» አሉና አጉልቶ ማያ መነጽር፣ ፊሽካና የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ አስረከቡኝ። ማዕረጌ «ረዳት አስጎብኚ» ተባለ። ዋና አስጎብኚው ራሳቸው ነበሩ፤ ሾፌሩም ራሳቸው፣ ሥራ አስኪያጁም ራሳቸው። ስለዚህ ዕድገት የማገኘው እሳቸው ሲያንቀላፉ ብቻ ነበር።

በዚያው ቀን የከተማ ጫማ አድርጌ ወንጪ ወጣሁ። አንደኛው ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። አንድ ደግ እንግዳ ቦቲውን አውልቆ ሰጠኝና እሱ በካልሲ፣ እኔ በቦቲ ስንመራ ዋልን። ማን ማንን እንደሚያስጎበኝ ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባ ነበር።

የእኛ ጉዞ ከሌላው ይለያል ይባል ነበር። ቱሪስቱ ጠዋት ጠዋት ለዱር እንስሳት በበጎ ፈቃድ ይሠራል፤ ጉሬዛ ይቆጥራል፣ የአገር ዛፍ ችግኝ ይተክላል። ከሰዓት በኋላ ወንጪ ሐይቅ ላይ በጀልባ ይሄዳል፣ ፈረስ ይቀመጣል፤ በሌላ ቀን የጉደርን ፏፏቴ ያያል። ጋሽ ደምሰው ማስታወቂያው ላይ «ሳፋሪ» ብለው ስለጻፉ ከመኪና ሳይወርዱ አንበሳ የሚጠይቁ ነበሩ። «አንበሳ የለንም፤ ጉሬዛ ግን ነጭ ካባውን ደርቦ ይቀበላችኋል» እላቸው ነበር። አኩርፎ የመጣው እንኳ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲወረወር ሲያይ አንበሳውን ይረሳል።

አቆጣጠሩ ሥርዓት አለው። ጉሬዛ ጠዋት ብርዱ እስኪለቀው ድረስ ዛፍ ጫፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤ የሚቆጠረውም ያኔ ነው። ሁለት ሰው በሁለት አቅጣጫ ይቆማል። ወሬ የለም፣ ብስኩት ማንኮሻኮሽ የለም። የሁለቱ ቁጥር ካልተስማማ እንደገና ይቆጠራል። ባልና ሚስት አንድ ላይ አላስቆጥርም፤ አንዴ አስቆጥሬ እስከ ምሳ ተኳርፈውብኛል።

ጉሬዛዎቹ የሚኖሩት በወንጪ ጠርዝ ላይ፣ በኦቦ ቶሎሳ ይዞታ ውስጥ ባሉ የቆዩ የኮሶና የጥድ ዛፎች ላይ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ሽበታም ገበሬ ናቸው። ሲቀልዱ ፊታቸው አይፈታም፤ ሲቆጡም እንደዚያው ነው፤ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። የምናወራው በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ።

ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው፤ አንድ ዓመት መስከረም ላይ ስድስት እንግዶች ይዤ ስደርስ ኦቦ ቶሎሳ ዛፎቹን ሊሸጡ መሆኑን ነገሩኝ። አንድ የጣውላ ነጋዴ በሳምንቱ ከወሊሶ መጋዝ ይዞ ይመጣል።

«ምነው ኦቦ ቶሎሳ?»

«ዝንጀሮው ነዋ። በዛፎቹ ተከልሎ እየመጣ ድንቼን ይቆፍራል። ልጆቼ ተምረው ከተማ ገቡ፤ ማማ ላይ ወጥቶ የሚጠብቅልኝ የለም። ቆርጬ ባሕር ዛፍ ብተክልበት ይሻለኛል።»

ደነገጥኩ። ዛፎቹ ከሄዱ ጉሬዛዎቹ ይሄዳሉ፤ ጉሬዛዎቹ ከሄዱ የእኔም እንጀራ አብሯቸው ይሄዳል። ደግሞም ወድጃቸው ነበር፤ እንጀራዬ ባይሆኑም ሆዴ አይችልም።

«የሚጠብቅልዎ ሰው አለኝ» አልኳቸው።

ከኋላዬ የቆሙትን ስድስት ፈረንጆች አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ከዚያ «ደቦ ነው ዳዶ?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ደቦ ከሆነ ባለማሳው ደግሶ ያበላል፤ ከዚያ በኋላ ዕዳ የለበትም። ዳዶ ከሆነ፣ በአማርኛችን ወንፈል፣ ድግስ የለም፤ የተሠራለት ሰው ቀኑን በቀን ይመልሳል። ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ በራፉ ላይ ቆመው በጭንቀት ያዩኛል። ከስድስቱ አንዱ ሥጋ አይበላም፣ አንዷ ወተት አትቀምስም፣ አንዱን ስንዴ ያሳብጠዋል፤ የቀሩት ሦስቱ ከመጡ ጀምሮ ከሆዳቸው ጋር አልታረቁም። ለእነዚህ ምን ተብሎ ይደገሳል?

«ዳዶ ነው» አልኩ። አዴ ጫልቱ እፎይ አሉ። ቀኑ እንዴት እንደሚመለስ አላሰብኩበትም፤ ፈረንጅ እዚህ ምን ማሳ አለው ብዬ ነው።

ከእንግዶቹ በዕድሜ ትልቋ ኢንግሪድ ነበረች፤ የከተማ ባቡር ስትነዳ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት። ነገሩን ሳስረዳት ማማውን ቀና ብላ አየችና «መሰላሉ ይችለኛል?» ብቻ አለች።

ዝንጀሮ ሴት አይፈራም ይባላል። ኢንግሪድን ግን ፈራ። የድስት ክዳን በጭልፋ እየመታች በአገሯ ቋንቋ ስትጮህበት፣ ከፍርሃት ይሁን ከመገረም እንጃ፣ መንጋው ገደል እስኪገባ ዞር ብሎ አላየም። ወንጭፍ ይዞ የወጣ አንድ ረጅም ሐኪም ደግሞ የራሱን ባርኔጣ መትቶ ጣለ። የሰፈሩ ሰው አጥር ሥር ተደርድሮ ይስቃል። አገር ሊያዩ የመጡት ሰዎች ሲታዩ ዋሉ፤ ያውም በነጻ። በማግስቱ ጀልባው ተዘጋጅቷል ብላቸው ከማማው አንወርድም አሉኝ።

ጋሽ ደምሰው ሊወስዱን ሲደርሱ ወደ ጎን ጠሩኝ። «አልማዝ፣ እነዚህ ሰዎች ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጠው የመጡት ድንች ሊጠብቁ ነው?»

«የዝንጀሮ ጠባይ እያጠኑ ነው ጋሼ።»

ኢንግሪድን ከነክዳኗ ቀና ብለው አዩዋት። «ዝንጀሮውስ ምን አጠና?» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ድንቹ ተረፈ። እንግዶቹ ወደ አዲስ አበባ በሚመለሱበት ጠዋት፣ አምቦ ባደሩበት ሆቴል ቁርስ ላይ ሳለን ዘበኛው እየሮጠ መጣ። ዶማና ማጭድ የያዙ ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል አለ። ወጥቼ ሳይ ኦቦ ቶሎሳ ናቸው፤ ዕዳቸውን በመመለስ የሚያግዟቸው አምስት ጎረቤቶችም አሉ። ስድስት ሰው ለስድስት ሰው።

«አካም ቡልተን ኦቦ ቶሎሳ? ምን እግር ጣለዎት?»

«ቀናችንን ልንመልስ ነው። ማሳቸው የት ነው?»

ጋሽ ደምሰው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አሉኝ በጆሮዬ። «በይ ንገሪያቸውና ሻይ ጠጥተው ይሂዱ።»

ነገርኳቸው። ኦቦ ቶሎሳ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «የሰው ቀን ተበልቶ ይቀራል? ነገ አገሬው የፈረንጅ ቀን በላ ይበለኝ?»

በዚህ መሃል ኢንግሪድ ምን እንደሆነ ልታይ ወጣች። ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ አሰበች።

«እኔ ማሳ የለኝም» አለች። «ስሄድ የሚያሳስበኝ ጉሬዛዎቹ ናቸው። ድንቻቸውን ተቀምጬ እንደጠበቅኩላቸው፣ እሳቸውም ዛፎቹ ሥር ተቀምጠው ጉሬዛዎቹን ይጠብቁልኝ። ግን በአንድ ጊዜ እንዳይሆን። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ።»

ስተረጉመው ጎረቤቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ኦቦ ቶሎሳ አልሳቁም። «ትልቅ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጉሬዛ ሲያይ ይውላል? ይሄ ሥራ ነው?»

«በዳዶ ሥራ የሚመርጠው የሚሠራለት ነው» አላቸው አንዱ ጎረቤት።

ኦቦ ቶሎሳ ኢንግሪድን አተኩረው አዩዋት። ቀኑ ተመልሶ እስኪያልቅ መጋዝ እንደማይገባ ገብቷቸዋል፤ እንደገባቸውም እሷ አውቃለች። «የዚች ሴትዮ አያት ከእኛ አገር ሳይሆኑ አይቀሩም» አሉና እጇን ጨበጡ። ሻያቸውን ጠጥተው፣ ዶማቸውን ተሸክመው ሄዱ። ነጋዴው በሳምንቱ መጥቶ በመጣበት ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ኦቦ ቶሎሳ በየሳምንቱ ይደውሉልኝ ጀመር፤ መጀመሪያ እያፈሩ፣ ኋላ ወሬው እየጣማቸው። ከሁሉ በላይ ጉብ ብሎ ምንም የማይሠራውን ትልቁን ወንድ ጉሬዛ «ሊቀመንበር» የሚል ስም አወጡለት። «ዛሬ ሊቀመንበሩን ሚስቱ ከቅርንጫፉ አባረረችው። ለሴትዮዋ ንገሪያት» ይሉኛል። እነግራታለሁ። በዓመቱ ኢንግሪድ ሌሎች ሰዎች አስከትላ መጣች፤ ማማው ላይ ወጡ፤ ዕዳውም ታደሰ። «ይሄ ፈረንጅ አያልቅም እንዴ?» ይላሉ ኦቦ ቶሎሳ፣ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ወደ ዛፎቹ እየተሸከሙ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። እሱ ጋብ ሲል ደግሞ መንገዱ ሰላም አጣ። ቱሪስት የሚባል ጠፋ፤ ጋሽ ደምሰው መኪናቸውን ሸጡ፤ እኔም አምቦ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። የኦቦ ቶሎሳ ስልክ አልሠራ አለ። የሚመልሱት ቀን ማለቁን አውቅ ነበር። የወሊሶው ነጋዴ ወደዚያ ሲወጣ ታየ ያሉኝ ዕለት የሰው መታወቂያ ኮፒ እያደረግኩ እንባዬን ጠረግኩ።

መንገዱ ደህና ሲሆን ሄድኩ። አቀበቱን ስወጣ ቀና ማለት ፈርቼ መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር። ከማሳው ስደርስ ግድ ሆነና ቀና አልኩ። ኮሶው ላይ ነጭ ጭራ ተንጠልጥሏል። ዛፎቹ ሁሉም አሉ። ኦቦ ቶሎሳ ከዛፎቹ ሥር ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ቀንዎ አላለቀም እንዴ?» አልኳቸው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳላስቀድም።

«ድሮ አለቀ።»

«ነጋዴውስ?»

«መጥቶ ነበር። ከዕዳዬ በላይ ተቀምጫለሁ፣ አሁን ባለዕዳው ፈረንጅ ነው አልኩት። ዛፉን ከሸጥኩ በምን እጠይቃቸዋለሁ?» ወደ ማማው አመለከቱኝ። «ድንቹ ሊደርስ ነው፤ ዝንጀሮውም ተዋልዷል። የሴትዮዋ ቀን ብዙ ሆኗል። ክዳኗን ይዛ ትምጣ በያት።»

ፊታቸው እንደ ልማዳቸው አልተፈታም። እኔ ግን ቀልድ እንዳልሆነ አወቅኩ። የዚያኑ ቀን አምቦ ወርጄ ለኢንግሪድ ጻፍኩላት። የመለሰችልኝ የምትመጣበትን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራዬ ተመልሼ አዳዲስ አስጎብኚዎችን ሳሠለጥን ስለ ጉሬዛ ከመንገሬ በፊት ይህን እነግራቸዋለሁ። በልቶ የሄደ እንግዳ አመስግኖ ይረሳል፤ የሥራ ቀን ያለበት ይመለሳል። እንግዳችሁን ማሳ ስታስገቡ ደቦ ነው ዳዶ ተብላችሁ ከተጠየቃችሁ፣ ዳዶ በሉ።