የአባቴ ምላስ የሆንኩበት ሁዳዴ

ልጅ ሳለሁ አባቴ አንድ ሙሉ ሁዳዴ በእኔ ምላስ ቀምሷል። ይህን ለሰው ሳወራ ቀልድ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በሕይወቴ ከምኮራባቸው ነገሮች ሁሉ የማስቀድመው ይህንኑ ነው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። በዲቪ ከደሴ ወደ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከመጣን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም። የምንኖረው ዋይትሆል በሚባል ሰፈር፣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር የኩሽናው መስኮት የሚንቀጠቀጥበት አፓርትመንት ላይ ነው። እናቴ ዌርሀውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ ቅዳሜም ሺፍት አላት። አባቴ ደግሞ ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት በሚያስኬድ የቻይና ምግብ ቤት ሰሃን ያጥባል፣ አትክልት ይከትፋል።

አባቴ ደሴ ሳለ ስሙ የተጠራ ልብስ ሰፊ ነበር። ሙሽሮች ኮት የሚያሰፉት እሱ ዘንድ ነው። እዚህ ግን ሙያውን የሚፈልግለት አላገኘም፤ እጁም ከሙቅ ውሃና ከሳሙና ብዛት ተሰነጣጠቀ። አንድ እሑድ የኮቴን ቁልፍ ሊተክልልኝ ተቀምጦ ክሩ የሻከረ ጣቱ ላይ እየተያዘ አላስኬድ አለው። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ከዚያ ኮቱን ለእናቴ አቀበላትና ወደ መስኮቱ ዞሮ ቀረ። ልብስ ሰፊ ሰው ቁልፍ መትከል ሲያቅተው ምን እንደሚሰማው ያኔ አልገባኝም። ዝምታው ግን አስፈርቶኝ ነበር።

ምግብ ቤቱ ውስጥ ሚስተር ቼን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሥራቸው ኤግ ፉ ያንግ መጥበስ ነው። ይህ ምግብ ለማያውቀው ሰው ወፈር ያለ የእንቁላል ጥብስ ነው፦ እንቁላሉ ይመታና ከሽንኩርት፣ ከጥቅል ጎመን፣ ከማሾ ቡቃያና ከተከተፈ ዶሮ ጋር ይደባለቃል፤ በጎድጓዳ መጥበሻ፣ በብዙ ዘይት ይጠበሳል፤ ከላዩ ቡናማ መረቅ ይፈስበታል። ቻይናዎቹ አሜሪካ ከመጡ በኋላ ለዚህ አገር ሰው አፍ እንዲስማማ አድርገው ያበጁት ነው ይባላል። እኛ ቤት ስሙ አጥሮ "ፉያንግ" ሆኖ ቀረ።

ታዲያ ሚስተር ቼን ልጃቸው ወዳለችበት ስቴት ሊሄዱ ተነሡ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሚስስ ሊን አባቴን ጠርታ፣ "ምድጃው ላይ ልሞክርህ። ከአራት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳንከፍት በፊት፣ ጠብሰህ አሳየኝ" አለችው። አባቴ ያን ቀን ሦስት ደርዘን እንቁላልና አንድ ከረጢት ቡቃያ ታቅፎ ቤት ገባ። ከመጣን ወዲህ እንደዚያ ፊቱ በርቶ አይቼው አላውቅም።

ችግሩ ሁዳዴ መግባቱ ነበር።

"ታደሰ፣ እንቁላልና ሥጋ ነው እኮ" አለች እናቴ። "ጨው መኖሩን በምን ልታውቅ ነው? ልትገድፍ ነው?"

"አልገድፍም።"

"ታዲያ ማን ይቀምስልሃል?"

ሁለቱም እኩል ወደ እኔ ዞሩ። እኔን እናቴ ገና ልጅ ነሽ ብላ ከጾሙ አውጥታኝ ነበር። ወንበር ተጎትቶ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ሥራዬም በዚያው ተጀመረ።

የመጀመሪያው ሳምንት ፉያንግ ፍርፋሪ ነበር። ቡቃያው ውሃ ስለሚያዝል ሲገለበጥ ይበታተናል፤ ዘይቱ ይንጣጣል፤ ጭስ ጠቋሚው ይጮኻል፤ እናቴ ፎጣ ይዛ ጣሪያው ሥር ታራግባለች። የተጠበሰ ሽንኩርትና የዝንጅብል ሽታ በደረጃው ወርዶ ከታች የሚኖሩት እትዬ አስካለ ቤት ይገባል። አንድ ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና በሩ ላይ ቆሙ። "ጋሼ ታደሰ፣ ጾም የአፍ ብቻ አይደለም፣ የአፍንጫም ነው እኮ" አሉት። አባቴ እጅ ነሥቶ፣ "ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ ሙያ እየተማርኩ ነው" አላቸው። እሳቸውም ወረዱ። በማግሥቱ ግን ሽታውን በመስኮት የሚያስወጣ ትልቅ ፋን ተሸክመው ወጡ፤ እስከ ፋሲካም እኛው ዘንድ ቆየ።

በሁለተኛው ሳምንት ጥብሱ ቅርጽ ያዘ። አባቴ ከጎመኑና ከቡቃያው ላይ ጨው ነስንሶ፣ ቆየት ብሎ በንጹሕ ጨርቅ ጠምዝዞ ውሃውን ማውጣት ጀመረ። ጠርዙ እንደ ዳንቴል ተኮማትሮ፣ መሐሉ ተነፍቶ ሲወጣ እኔም እሱም ጎንበስ ብለን አየነው። ከዚያ በሹካ ቆርሶ አጎረሰኝ።

መሐሉ አልበሰለም ነበር። እንቁላሉ ምላሴ ላይ ተንሸራተተ። ግን አባቴ ፊቴን እያየ ነበር፤ ያ ፊቱ ተመልሶ ወደ መስኮቱ እንዳይዞርብኝ ፈራሁ። "ይጣፍጣል አባዬ" አልኩት።

በማግሥቱ ያንኑ ጥብስ ልክ እንደዚያው ሠርቶ ለሚስተር ቼን ወሰደላቸው። ሽማግሌው አንድ ጊዜ ጎርሰው ወረቀት ላይ ተፉት። "ጥሬ ነው" ብቻ አሉ። ሌሎቹ ሠራተኞች ቆመው እያዩ ነው።

አባቴ ቤት ሲመጣ ይቆጣኛል ብዬ መኝታ ቤት ተደበቅሁ። ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ቤዛ፣ ትናንት ጥሬ መሆኑን አውቀሽ ነበር?"

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳታዝን ብዬ።"

ወደ እኔ ጠጋ አለ። "ደሴ ሳለሁ ደንበኛ ኮት ለክቶ 'አሪፍ ነው' ብሎኝ ሲሄድ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ እጅጌው አጥሮት ሌላ ሰፊ ዘንድ ሲያስተካክል አየሁት። የጎዳኝ ያ ሰው ነው፤ ፊት ለፊት 'አጥሮኛል' ያለኝ አይደለም። አሁን እኔ ምላስ የለኝም። አንቺ ነሽ ምላሴ። ምላስ ደግሞ ባለቤቱን አይዋሽም።" ከዚያ እንደ ልማዱ፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ብሎ ተነሣ።

ከዚያ ወዲህ ምሕረት የለሽ ሆንኩ። ጨው አነሰው፣ ዘይት ጠጣ፣ ዶሮው ደረቀ፣ ዝንጅብሉ ሌላውን ሁሉ ዋጠ እላለሁ። ቃል ሲጠፋኝ ደግሞ በምሳሌ ነው፦ "ካርቶን ካርቶን ይላል"፣ "እንደ ስፖንጅ ነው"። አባቴ ሁሉንም በቁም ነገር ይሰማል። "ካርቶኑ የቱ ጋ ነው? ዳሩ ነው መሐሉ?" ይለኛል። ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛዬ የሚስቁብኝ ልጅ ነበርኩ፤ አፌን ለመክፈት እፈራ ነበር። ቤት ስገባ ግን አንድ ትልቅ ሰው ቃሌን ይጠብቃል፤ እኔ ባልኩት መጠን ጨው ይጨምራል፣ እሳት ይቀንሳል። እናቴ "ልጅቷን አለቃ አደረግሃት" እያለች ትስቃለች።

ቅዳሜው ደረሰ። እናቴ ሺፍት ስለነበራት አባቴ እኔን ይዞ ሄደ። ሚስስ ሊን አጠር ያለች፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ የምትሰካ ሴት ናት። ሚስተር ቼንም እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። አባቴ የምግብ ቤቱ እሳት ከቤታችን ምድጃ እጅግ ቢበረታበትም አልደነገጠም። ጥብሱ አበጠ፣ ተገለበጠ፣ ወርቅ መስሎ ወጣ። መረቁን አፈሰሰበትና ከማቅረቡ በፊት ቆርሶ ወደ እኔ ዘረጋው።

"ልጅቷ ምን ታደርጋለች?" አለች ሚስስ ሊን።

ጎረስኩ። ጥብሱ ምንም እንከን አይወጣለትም። መረቁ ግን ጥሬ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ በኃይለኛው እሳት ቶሎ ስለወፈረ አባቴ የበሰለ መስሎታል። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት። ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ምናልባት እነሱም አይታወቃቸውም። ብናገር ደግሞ አባቴን በአለቃው ፊት ማዋረዴ ነው።

"አባዬ" አልኩ በአማርኛ፣ "መረቁ ዱቄት ዱቄት ይላል።"

አባቴ ዓይኖቼን አየ። ፊቱ አልተለወጠም። ሳህኑን ወደ ጎን አደረገና መረቁን መልሶ እሳት ላይ ጣደው። ትንሽ ውሃ ጨመረ፣ እያማሰለ ጠበቀ። ሚስስ ሊን ምን እንዳልኩ ጠየቀችኝ። በሚንቀጠቀጥ እንግሊዝኛዬ ነገርኳት። ደግሞም አባዬ ጾመኛ ስለሆነ እንቁላልና ሥጋ እንደማይቀምስ፣ አራቱን ሳምንት የቀመስኩት እኔ እንደሆንኩ ጨመርኩላት።

"አንድም ቀን አልቀመስከውም?" አለችው ወደ አባቴ ዞራ።

"የሴት ቀሚስ ብዙ ሰፍቻለሁ፤ አንዱንም ለብሼ አላውቅም" አላት በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ ማማሰሉን ሳያቋርጥ። "የለበሰችው ስትነግረኝ ግን እሰማለሁ።"

ሁለተኛውን መረቅ ቀምሼ፣ ደህና ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሚስስ ሊን ጎረሰች። ሚስተር ቼን ጎረሱ፤ ደግመው ጎረሱ፤ ከዚያ የወገባቸውን ሽርጥ ፈትተው ለአባቴ ሰጡት። "ሰኞ ጀምር፣ ሰሃኑን ሌላ ሰው ያጥባል" አለች ሚስስ ሊን። ወደ ቤት ስንሄድ በረዶ እያካፋ ነበር። አባቴ እጄን እንደያዘ ደረስን፤ የአፓርትመንታችን በር ላይ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

ፋሲካ ሲመጣ አባቴ የጠበሰውን ብዙ ሰው በልቶለት ነበር፤ እሱ ግን ጣዕሙን ገና አያውቅም። የፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጡ ቀርቦ ሳለ ተነሥቶ አንድ ፉያንግ ጠበሰ፤ እትዬ አስካለም አብረውን ነበሩ። ቆረሰ፣ ጎረሰ፣ አላምጦ እስኪውጥ ሁላችንም አፍ አፉን አየነው።

"ለእኔ ጨው በዝቶበታል" አለ።

ደነገጥኩ። "ልቀንሰው አባዬ? እንቀንሰው?"

"አይነካም" አለኝ። "ሰዉ የወደደው ያንቺን ጨው ነው።"

ሚስስ ሊን አርጅታ ምግብ ቤቱን እስክትዘጋ ድረስ በዚያው ጨው ጠበሰ። እጁም ዳነ፤ ለእኔና ለእናቴ ቀሚስ ወደ መስፋት ተመለሰ። ዛሬ እሱና እናቴ ኢስትሙር በሚባል ሰፈር ቤት አላቸው። እኔ እዚያው ኮሎምበስ ዳር፣ ሂሊያርድ እኖራለሁ፤ ፋርማሲስት ነኝ፤ ስምንት ዓመት የሞላት ኤደን የምትባል ልጅ አለችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፉያንግ እንሠራለን። አጉርሻት "እንዴት ነው?" ስላት ዓይኗን ከታብሌቷ ሳታነሣ "ኢትስ ጉድ፣ ማም" ትለኛለች። አልፈርድባትም። የእሷ ቃል የማንንም ሥራ አያሰጥም፣ አያስነጥቅም፤ አባቴም የደከመው እንዲህ እንድትቀመጥ ነው። ግን አንዳንዴ፣ ያን ወንበርና ያን ቃሌን የሚጠብቅ ፊት ያላየ ልጅነት ትንሽ የጎደለው ነገር ያለ ይመስለኛል።

ባለፈው ሰሞን በአንድ ሠርግ ላይ አባቴ ከማላውቃቸው ሽማግሌዎች ጋር አስተዋወቀኝ። "ምድጃ ላይ ያቆመችኝ ልጄ ናት" አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ "ፋርማሲስቷ አይደለችም እንዴ?" ሲለው አባቴ እጄን እንደያዘ፣ "እሱስ ኋላ የመጣ ነው" አለ።