ጀማል ተራውን የለቀቀ ዕለት

«አልሄድም አልኩህ እኮ። ስንት ጊዜ ልበልህ?»

«ገብተህ ስማ ብቻ ነው ያልኩህ። መስማት ምን ይጎዳሃል?»

«ወሪያ፣ አንተ ሰው ነህ ወይስ ሞንታርቦ? አንዱን ነገር ደጋግመህ ትጮህብኛለህ።»

የጀማል ሚስት ኑሪያ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጀማል ምሳውን ጨርሶ ፍራሹ ላይ በጎኑ ጋደም ብሏል። የፋብሪካ ሸሚዙን ለብሷል፣ የከሰዓት ፈረቃ ተረኛ ነው። አጠገቡ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አቁሞ ዘፈን ከፍቷል። ብርጭቆው ድምፁን ትንሽ ያጎላዋል፤ ስፒከር የሌለው ሰው ሁሉ የሚያውቃት ዘዴ ናት። በሌላ ሰው ቤት ባየው ልብም አልለው ነበር። ጀማል ግን በአንድ ወቅት የበር ማጠፊያ ሲንጫረር ከሰማ ዘይት ሳይፈልግለት እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። አሁን ያ የታነቀ ድምፅ ከብርጭቆው እየወጣ እሱ ጥርሱን በእንጨት ይጎረጉራል።

የመጣሁት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የድምፅ መሣሪያ ኤግዚቢሽን እንደገና ሊከፈት መሆኑን ልነግረው ነው። እንደገና የምለው፣ ከዓመታት በፊት አንድ ተከፍቶ ስለነበረ ነው። ያንን ግን ሁለታችንም እርስ በርሳችን ሳናነሳው ነው እስከ ዛሬ የኖርነው።

ያኔ እኔ ሃያዎቹን ገና ጀምሬአለሁ። ትምህርቴን አቋርጬ፣ ቀን ቀፊራ ገበያ ለአንድ የቅመም ነጋዴ እየሠራሁ፣ ማታ ግጥም እጽፋለሁ። የበርበሬው ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ስለሚቀር ግጥሞቼን የምጽፋቸው እያነባሁ ነበር፤ ያየኝ ሰው ሁሉ ግን እንባውን ከስሜት ይቆጥርልኛል። ጀማል በዕድሜ በጣም ይበልጠኛል። መጋላ ሰፈር ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል ራዲዮና ቴፕ ይጠግናል፤ ጥገናው ግን ለእንጀራ ነው። ልቡ ያለው ከጀርባ በሚሠራቸው ሁለት ስፒከሮች ላይ ነበር። ሳጥኖቻቸውን የሠራቸው ከድሮ የባቡር ፉርጎ ወንበሮች እንጨት ነው። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ፣ አንዱ ጣውላ ላይ ሳይቀመጡበት አይቀሩም እያልኩ እቀልድበታለሁ። እሱ ደግሞ «ለዚህ ነዋ ቤዙ የሚያንቀላፋው» ይለኛል።

አብሬው ስቀመጥ የማላውቀውን መስማት አስተማረኝ። አንድ ዘፈን ይከፍትና የትኛው መሣሪያ ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ ዘፋኙ ወደ ማይክሮፎኑ ቀረብ ያለው የትኛው ቃል ላይ እንደሆነ ይጠይቀኛል። ከዚያ ወዲህ የራሴን ግጥም ጮክ ብዬ ሳነብ፣ የትኛው ቃል ከእኔ እንደወጣና የትኛው ከሰው እንደተዋስኩት ይሰማኝ ጀመር። ብዙው የተዋስኩት ነበር።

ኤግዚቢሽኑን ያዘጋጀው ከአዲስ አበባ የመጣ አስመጪ ነው። ከዚራ የሚገኝ አንድ የሰርግ አዳራሽ ተከራየ። የሚወዳደሩት አራት የድምፅ መሣሪያ ቤቶች ናቸው፤ አሸናፊው የእሱ የምሥራቅ ወኪል ይሆናል። ለሌሎቹ ይህ ተጨማሪ ሱቅ ነው። ለጀማል ግን የመጨረሻው ነበር። ኑሪያ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች፤ አጎቷ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝተውለታል። ካሸነፈ ስፒከሩን እየሠራ ሊቀጥል፣ ከተሸነፈ ሰኞ ጠዋት ፋብሪካ ሊገባ ቃል ሰጥቷታል። ቃሉን ሲሰጣት እኔም ነበርኩ። እንደ ቀልድ አልሰጣትም።

ግንቦት ነበር። ድሬዳዋ በግንቦት ከሰዓት ላይ አስፋልቱ ጫማ የሚይዝባት ከተማ ናት። አስመጪው ይህን ሰምቶ ሳይሆን አይቀርም ውድድሩን ጠዋት አድርጎት የነበረው፤ በደጉ ሰዓት መሆኑ ነው። ጠዋት አዳራሹ ውስጥ የተገኘነው እኛው ዕቃ ተሸካሚዎቹና ወለል የምትጠርግ አንዲት ሴትዮ ብቻ ነን። ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ሐጂ ዩሱፍ በባጃጅ መጡ። ዕድሜያቸውን ካሴት ሲሸጡ የጨረሱ ሰው ናቸው። ወንበሮቹን በሽርጣቸው ጫፍ አራግፈው ተመለከቷቸው፤ አንዱም ላይ አልተቀመጡም።

«ልጄ» አሉት አስመጪውን፣ «የድሬ ሰው ጆሮ የሚከፈተው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።»

እሱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። ወዲያው ወንበሮቹ ወጡ፣ ምንጣፍና ፍራሽ ገባ፣ መከዳ ከየቤቱ መጣ። ሩዝ በፍየል ሥጋ በትልልቅ ትሪ ቀረበ፤ ሆድ ሳይሞላ በርጫ አይጀመርምና። ከዚያ የአወዳዩ ጫት በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ደረሰ። እንግዲህ ስህተቱ ይህ ነው፤ እኛ ካልሆንን ሌላ ማንም የማይሠራው ስህተት። በርጫ የራሱ አየር አለው። መጀመሪያ ሐራራው አለ፤ ያኔ ሰው ይነጫነጫል፣ ዝንብ እንኳ ትከብደዋለች። ቀጥሎ ምርቃናው ይመጣል፤ ጠላት ወዳጅ ይሆናል፣ ሁሉም በሐሳቡ ቤት ይሠራል፣ እኔ በዚያ ሰዓት የጻፍኩትን ግጥም ጠዋት ቀድጄዋለሁ እንጂ አንብቤው አላውቅም። በመጨረሻ መውረጃው አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምርቃናውም ይወርዳል፤ ወሬው ይቆማል፣ እያንዳንዱ ሰው የሞተበትንና የቀረበትን ይዞ ብቻውን ይቀመጣል። አራት መሣሪያ በአንድ ከሰዓት በተራ ማሰማት ማለት እንግዲህ ለአራት የተለያዩ አገር ሕዝቦች ማሰማት ማለት ነው።

ዕጣ ወጣ። ጀማል ሦስተኛ ሆነ፤ የምርቃናው ጫፍ ላይ። ከዚህ የተሻለ ተራ የለም። ደስ ብሎኝ ጎኑን በክርኔ ጎሸም አደረግኩት፤ የእሱ ዓይን መስኮቱ ላይ ነበር።

ሁሉም የሚከፍቱት አንድ ዘፈን ነው፤ በዑድና በከበሮ የታጀበ አሮጌ የሰርግ ዘፈን። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ የታይዋን ገበያ ነጋዴ ነበር። ሰማያዊ መብራት የሚያበራ ትልቅ ነገር አምጥቷል፤ ቤዙ የውሃ ብርጭቆዎቹን እያንቀሳቀሰ ከምንጣፉ ጫፍ አደረሳቸው። ሁለተኛው ዳኛ፣ በጡረታ ላይ ያለ የራዲዮ ቴክኒሺያን፣ ጫቱን እየቀነጠሰ «ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ» አለ። ሁለተኞቹ ተወዳዳሪዎች ከሐረር የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። የእነሱ ቀጭን ነበር፤ ከበሮው ካርቶን የሚመታ ይመስላል። ነገር ግን ምርቃናው መግባት ስለጀመረ ዳኞቹ ፈገግ እያሉ ሰሟቸው።

ከዚያ የጀማል ተራ ሲደርስ የአዲስ አበባው ተወዳዳሪ መጣ። ሲመሽ መንገድ መውጣት እንደሚፈራ፣ ቢቀድም ደስ እንደሚለው በትሕትና ጠየቀ። ጀማል ለአፍታም አላሰበም። «እንግዳ ይቅደም» ብሎ ኬብሉን ነቀለ። ሐጂ ዩሱፍ መረቁት፤ አዳራሹ ሁሉ ጨዋነቱን አደነቀ። እኔ ክንዱን ይዤ ምን እያደረግክ ነው ስለው በቀስታ እጁን አስለቀቀኝ።

የእንግዳው ስፒከሮች ቁመታቸው ሰው ያህላል፣ ብርማ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ናቸው። ግን ዘፈኑ በካውያ የተተኮሰ ይመስል ነበር፤ አንድ ሽብሽብ እንኳ አልቀረበትም። ያን ሰዓት ይህን የሚል ሰው ቢኖር በድንጋይ ይወገር ነበር። ማሻ አላህ እየተባለ ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ሦስተኛዋ ዳኛ የሰርግ ዘፋኝ ነች፤ ተነስታ እያጨበጨበች አብራ ዘፈነች። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለ ወጣትነታቸው ያወሩ ጀመር፤ ሌላ ሰውም ሌላ ጨዋታ ጨመረበት፤ እንዲህ እያለ ብርሃኑ ከመስኮቱ ወረደ።

ጀማል ሲከፍት ወሬው ሁሉ አልቆ ነበር።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። በዘፈኑ ውስጥ ያለችው ሴት ከመዝፈኗ በፊት አየር ስትስብ ይሰማል። ጣት ከዑዱ ክር ላይ ሲነሳ ይሰማል። ከከበሮው ጀርባ፣ ራቅ ብሎ፣ አንድ ሰው አሳለ። ያን ዘፈን ዕድሜ ልኬን ስሰማው ያ ሳል እንዳለበት አላውቅም ነበር። ያሳለው ሰው ይኼኔ ሞቷል። ይህን ያሰብኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ዘፋኟ ዳኛ በሻሿ አፏን ሸፈነች። ቴክኒሺያኑ በእጁ የቀረውን ጫት መሬት አስቀመጠ።

ሐጂ ዩሱፍ ዘፈኑ ሳያልቅ ቀና አሉ። «በቃ ልጄ» አሉ በቀስታ። «ዝጋው።»

ዘጋው።

ወኪልነቱ ለአዲስ አበባው ተወዳዳሪ ተሰጠ። እኛ ሳጥኖቹን በጋሪ ጭነን በደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻገርን። ጋሪው አሸዋው ላይ ሲጎተት ከመንኮራኩሩ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። ጀማል አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ እርቦኝ እንደሆነ። ሰምቡሳ ገዛልኝና ቆመን በላን። ሰኞ ፋብሪካ ገባ።

በውድድሩ ማግሥት ሐጂ ዩሱፍን ሱቃቸው ደጃፍ ፈጢራ በሻይ ሲበሉ አገኘኋቸው። ስለ ጀማል ስፒከር ጠየቅኳቸው። ስፒከሩን እንደማያስታውሱት፣ የሚያስታውሱት የከበዳቸውን ልብ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ለእኔ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር። የፈረዱት በስፒከሩ ላይ ሳይሆን በገዛ ምርቃናቸው መውረድ ላይ ነው። ጀማልን ጨዋነቱ ነው የጎዳው። ይህንን ለስንቱ እንዳወራሁት አላውቅም። ግጥምም ጽፌበታለሁ፤ ከግጥሞቼ ሁሉ ሰው ድገመው የሚለኝ እሱን ነው።

እና ዛሬ ይህን ሁሉ ይዤ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እለምነዋለሁ።

«የዘንድሮው ጠዋት ነው» አልኩት። «ጫት የሚባል አይገባም። ተራህንም ለማንም እንግዳ አትሰጥም። ሳጥኖቹን የሰጠኸው አናጺ ጋር አይቻቸዋለሁ፣ እስካሁን አልፈረሱም።»

ጀማል ተነስቶ ተቀመጠ።

«ለእንግዳ ብሎ ለቀቀ እያልክ ነው እስከ ዛሬ የምታወራው?»

«አይደለም እንዴ?»

«አቦ፣ እንግዳውማ ሰበብ ሆነኝ። በምርቃና ሰዓት ምን የማያምር ነገር አለ? በዚያ ሰዓት ማሸነፍ ምን ያደርጋል? እኔ መውረጃው ላይ እንዲሰሙኝ ነበር የፈለግኩት። ሰው ሲወርድ የሚደግፈው ድምፅ ሠራሁ ብዬ አስቤ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ስሠራ የኖርኩት ለዚያች ሰዓት ነው።»

ኑሪያ ከጓዳ መውጣቷን ያወቅኩት የምታጥበው ዕቃ ድምፅ ሲቆም ነው። እሷም ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ከፊቷ ታየኝ።

«ታዲያ?» አልኩት።

«ታዲያ አልደገፈም። ጭራሽ እየገፋ ሲያወርዳቸው በዓይኔ አየሁ። ሐጂ ዝጋው ሳይሉኝ በፊት እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር፣ ወላሂ። ግጥምህን ሰምቼዋለሁ፤ ያምራል። ግን የተበደለ ሰው አታድርገኝ። ተሰምቼ ነው የተሸነፍኩት።»

ጀማል ተበድሏል ብዬ ሳወራ የኖርኩት ለካ ለእሱ አዝኜ ብቻ አልነበረም። የተበደለ ሰው ተስፋ አለው፤ ሌላ ሰዓት፣ ሌላ ዳኛ ይጠብቃል። እኔም ማንም ድገመው ላላለኝ ሌሎች ግጥሞቼ ሁሉ የምጠብቀው ያንኑ ነበር፤ ሰዓቱ ስላልሆነ ነው፣ ሰሚው ስላልነቃ ነው እያልኩ። በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ጆሮ ተሰምቶ ዝጋው የተባለ ሰው ግን ምን ይጠብቃል? ጀማል ይህን ያን ዕለት አውቆት፣ ሰምቡሳ ገዝቶልኝ፣ ሰኞ ሥራ ገብቷል። እኔ ነኝ እዚያ አዳራሽ ውስጥ የቀረሁት።

ውጭ የፋብሪካው ሰርቪስ ክላክስ ነፋ። ጀማል መታወቂያውን አንገቱ ላይ አጠለቀ፣ ጫማውን እያሰረ ለኑሪያ የልጁን የትምህርት ቤት ነገር አስታወሳት። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዞሮ አየኝ።

«ሻይ ሳትጠጣ እንዳትሄድ» አለኝ።

ወጣ። የብረት በሩ ከኋላው ተዘጋ።