የኦርቪል ዘጠና ስድስት ቁራጮች

ኦርቪል ዴትመር ግግም ያለ ሰው ነው። ክፋት የለበትም፤ ብቻ አንዴ «አውቃለሁ» ካለ ማንም አይመልሰውም። አርባ አምስት ዓመት በቆሎ ሲዘራ አንድ መስመር ተጣሞበት አያውቅም። ይህንንም ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። እኔ ጎረቤቱ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይቁጠረው።

ሚስቱ ላቮን በሞተች በዓመቱ፣ በረዶ መጣል ሲጀምር፣ ሻንጣ አንጠልጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ከተፍ አለ። እኛ ሴቶቹ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚያ ተሰብስበን ቁራጭ ጨርቅ እየገጣጠምን ብርድ ልብስ እንሰፋለን። ሻንጣውን ሲከፍተው የላቮን ቀሚሶች ናቸው። የልጅ ልጁ ብሪና በሚያዝያ ልትወልድ ስለሆነ፣ ለሕፃኑ ከቀሚሶቹ ብርድ ልብስ እሰፋለሁ አለ። መርፌ ይዞ አያውቅም እኮ! የላቮንን ሌላ ሌላ ዕቃ ልጆቹ ተከፋፍለውት ለእሱ የቀሩት እነዚህ ቀሚሶች ብቻ ነበሩ። ከተበላሹ ተበላሹ ነው፣ ሱቅ ተሄዶ አይገዙም።

ጀማሪዎችን የምታስተምረው አርሊስ ናት፤ ከኦርቪል ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። ጨርቁን ተኩሳ፣ አንጥፋ፣ በማስመሪያና በምላጭ አምስት በአምስት ኢንች የሆነ አንድ ቁራጭ ቆርጣ ሰጠችው። የቀሩትንም ዘጠና አምስት እንደዚሁ ቁረጥ ስትለው፣ እኔ ማስመሪያ አልፈልግም፣ ዓይኔ ይበቃኛል አለ። ብትቆጣው ጆሮ ዳባ ልበስ። በመጨረሻ የሰጠችውን ቁራጭ መለኪያ አድርጎ፣ ዙሪያዋን በጠመኔ አስምሮ፣ በመቀስ ሊቆርጥ ተስማሙ። ቤቴ እጨርሰዋለሁ ብሎ ሄደ። እኛም ለቀቅነው፣ ጥፋታችን ይኼ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ዘጠና ስድስቱንም ከምሮ፣ ልቡ አብጦ መጣ። ክምሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ከሥር ቀጭን፣ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ፣ የፈንድሻ ዕቃ የመሰለ ነገር! ሲዘነበል በሁለት እጄ ደገፍኩት። አርሊስ ለካች። የሥረኛው አምስት ኢንች፣ የላይኛው ሰባት።

«መለኪያ ያደረግከው የቱን ነው?» አለችው።

«ሁልጊዜ ከዚያ በፊት የቆረጥኩትን ነዋ።»

«የሰጠሁህንስ?»

«እሷማ ከሥር ናት። ያን ሁሉ ክምር ማን ያፈርሳል?»

ለካ እያንዳንዱ ቁራጭ በጠመኔው መስመር ያህል ከፊተኛው ይበልጥ ኖሯል። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አንዷማ የዱባ ኬኳ ትን ብሏት ጀርባዋን መታንላት።

አርሊስ ግን ምላጯን አነሳች። ሁሉንም አምስት ኢንች ላድርጋቸው አለች።

«ትርፉስ የት ይሄዳል?» አለ ኦርቪል።

«ወደ ቆሻሻ ነዋ።»

ሁለት መዳፉን ክምሩ ላይ ጫነ። «አንዲት ክር አትነኪም» አለ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሳቃችን ቀጥ አለ።

እኔ አፌ አያርፍምና፣ እንዳሉ በቅደም ተከተላቸው ለምን አንሰፋቸውም አልኩ። አርሊስ ጠማማ ነገር ከእጄ አይወጣም ብላ አኮረፈች። ቢሆንም ስምንት ስምንቱን በረድፍ እየገጠምን በአራት ማክሰኞ ጨረስነው።

ወለሉ ላይ አነጠፍነው። ራስጌው ጠበብ፣ ግርጌው ሰፋ ያለ፣ ቁርጥ ጉርድ ቀሚስ! አርሊስ ፊቷን አዞረች። ኦርቪል ባርኔጣውን አወለቀ።

«ላቮን ናት» አለ። «ከላይ ቀጭን፣ ከታች ደልደል ያለች።»

ሳቅን፣ እሱም ሳቀ። እየሳቀ ወንበር ላይ ተቀመጠና እንባው ወረደ። አርሊስ መርፌዋን ይዛ ተንበረከከች፤ ሰፊውን ጠርዝ ትቀመቅምለት ጀመር።