መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ያልተተከለው ዛፍ

መንገዱ ተዘግቶ ሚኒባስ ከቆመ ሰንብቷል። የጋዜጣው አለቃዬ ግን ኔትወርክ ባገኘ ቁጥር ይደውልልኛል። «ወረዳው ከውጭ ምንም ባይገባለት ራሱን ችሎ ይቆያል ወይ? አጣርተህ ላክ» አለኝ። ከእንጅባራ ወደ ጥሊሊ በእግሬ ተነሣሁ። ማረፊያዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የታላቅ እህቴ ቤት ነበር።

የመንገዱ ዳር ሁሉ ከሰል ነው፤ በጆንያ ታስሮ ገዢ መኪና ይጠብቃል። ገብስና ድንች ይበቅልባቸው የነበሩ ማሳዎች ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ ደን ሆነዋል። ዛፉ ቶሎ ይደርሳል፣ ይከሰላል፣ ይሸጣል። ገበሬው አላበደም፤ ቆርቆሮ ቤት የሠራው፣ ልጅ ያስተማረው በዚህ ዛፍ ነው። ግን አንዳንዱ እስከ ደጃፉ ተክሎታል። የሚበላውን ከገበያ ይሸምታል፤ ገበያው ደግሞ በመኪና የሚመጣ ነው።

የእህቴ ጓሮ ድንች ነበር። ዝናቡ እስኪጠና አፈር ውስጥ ትተወውና ለዕለት የሚበቃውን ብቻ ትቆፍራለች። ስደርስ ጎረቤቶቿም አብረዋት ይቆፍሩ ነበር። አንዷ ቅርጫቷን እየሞላች ከሰል አክሳዩ ወደሆነው የእህቴ ባል ዞረች።

«አያ፣ የእርስዎ ከሰል እንዴት ነው የሚቀቀለው? ጨው ይፈልጋል?»

«ጨው ካለሽ አምጪ፤ እኛም አጥተናል» አላት ሳይስቅ።

ልቡ ሌላ ጋ ነበር። አጥሩ ሥር የዲከረንስ ችግኝ ደርድሯል። ድንቹ ሲያልቅ በቦታው ሊተክል ቆርጧል። ዛፍ ያልዋጠው መሬታቸው ያ ጓሮ ብቻ ነው።

«የመጀመሪያውን ዓመት ከችግኙ መሐል ጤፍ እንዘራበታለን» አለ።

«ከዚያስ?» አለች እህቴ።

«ከዚያማ መንገዱ ይከፈታላ!»

«ደግሞ ሲዘጋስ?»

ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ጋዜጠኛው፣ እስቲ ንገራት።»

«ያየሁትን ነው የምናገረው፣ አያ። ሰው ከዚህ ጓሮ ድንች ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ። ከሰል ገዝቶ የሄደ አላየሁም።»

«አንተም የእሷ ወገን ነህ!»

«አዎ፣ ነኝ።»

በሥራዬ ላይ ወገን ይዤ አላውቅም። የዚያን ቀን ያዝኩ፤ አልጸጸትበትም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ድንቹ ተቆፍሮ ባለቀው የጓሮው ክፍል ሊተክል ዶማውንና ችግኙን ይዞ ወጣ። እህቴ ቀድማው ለዘር ያስቀረችውን ድንች ታቅፋ ጓሮው መሐል ቆማለች።

«መጀመሪያ እኔን ትከለኝ» አለችው።

ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቷ ሳቀች። «አያ፣ ይህቺ ተተክላ ከበቀለችማ ማን ይቆርጣታል!»

«ግትር!» አለና ችግኙን ተሸክሞ ድንጋያማው ተዳፋት ላይ ሊተክል ወረደ። ከሰዓት ዶማውን ብቻ ይዞ ተመለሰ።

«ድንቹን ከየት ልጀምር?»

በአገጯ አሳየችው።

ስልኬ ጮኸ፤ አለቃዬ ነበር። «ርዕሱን ‹እርዳታ ጠባቂው ወረዳ› ልበለው?»

«አትበለው» አልኩት። «ጨውና መድኃኒት የላቸውም፤ እሱን ጻፍ። የሚበሉትን ግን ይኸው፣ ፊት ለፊቴ እየተከሉት ነው።»