ሊዘንብ የደረሰ ማስታወቂያ

አዲስ አበባ፣ ሲግናል አካባቢ ባለች አንዲት ማተሚያ ቤት ውስጥ ደመና ማለት ሦስት ክብ ነው። አንዱ ክብ በሌላው ላይ ይደረባል፣ ሦስቱ ይዋሃዳሉ፣ ነጭ ይቀባሉ፤ አለቀ። በዚህ ደመና የምረቃ ባነር ያጌጣል፣ የሙት ዓመት ፎቶ ይከበባል፣ የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ይሸፈናል። ተመራቂም፣ ሟችም፣ ሕፃንም ቅር ብሎት አያውቅም። ቅር የሚለው ዘረሰናይን ብቻ ነው።

ዘረሰናይ የማተሚያ ቤቷ ዲዛይነር ነው። «ይሄ ደመና ሳይሆን የበግ ላት ነው» ይላል፤ የሚሰማው ስለሌለም ይደግመዋል። የሚኖረው ከሥራው ርቆ የካ አባዶ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ መስኮት ከእንጦጦ ጋራ በላይ ያለውን ሰማይ የሚያይበት ሰፊ ጊዜ ተሰጥቶታል። የደመና ሆድ ነጭ ሳይሆን ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ግራጫ መሆኑን፣ ጠርዙም አንድ ቦታ ስል ሆኖ ሌላ ቦታ እንደ ጢስ እንደሚበተን ያጠናው በዚህ መንገድ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ እውቀት የሥራ መደብ አልተከፈተለትም።

የማተሚያ ቤቷ ባለቤት ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከደመና ይልቅ ፍጥነት ይወዳሉ። «ዘሩ፣ እኔ ያለኝ ማተሚያ ቤት ነው እንጂ ሜትዎሮሎጂ አይደለም» ይሉታል። ሰሞኑን ደግሞ ቁርጡን ነገሩት። የሚቀጥለው ደንበኛ ካልረካ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ እሱ ጥግ ይዞ ባነር ላይ የገመድ ማሰሪያ ቀለበት ይመታል።

የሚቀጥለው ደንበኛ ጋሽ ዋቅቶላ ሆኑ። ከእንጦጦ ጋራ ሥር ድሮ ገብስ ይዘሩበት የነበረውን ሜዳ ሣር አልብሰው ለሠርግ ሊያከራዩት ነው። አስፋልቱ ዳር የሚቆም ትልቅ ማስታወቂያ ፈልገዋል።

«ሜዳዬን አድርግ፣ ጋራውን አድርግ» አሉት። «ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ይሁን። አደራ!»

በማተሚያ ቤት ቋንቋ «ጥርት ያለ» ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲታተም የማይደበዝዝ፣ ሲተልቅ የማይሰባበር። ዘረሰናይ ሰውዬውን ሊያቅፋቸው ምንም አልቀረው። ፎቶ ተለጥጦ ቤት ሲያህል ይሰባበራል፤ በቬክተር የተሣለ ሥዕል ግን በመስመርና በነጥብ ስለሚሠራ ጋራ ቢያህልም አይሰባበርም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ደመና ለመሣል የሚያስገድድ ትእዛዝ ደረሰው።

ደመናውን እንደ ዓሣ መረብ በነጥብ ከፋፈለው፤ ለእያንዳንዷ ነጥብ ቀለም ሰጣት። ጠርዙን አንዳንድ ቦታ አሳሳው። ሆዱን አጨለመው፤ ጀርባውን ፀሐይ ቀባው። ሥራውን ቤት ድረስ ይዞ ሄደና እሑድንም አዋለበት።

መምህርት የሆነችው ባለቤቱ ማዕዶት ሁለት ጊዜ ለምሳ ጠርታው ከኮምፒውተሩ አልነሳ ሲላት፣ «ምነው፣ ሰማይና ምድርን የፈጠረው እንኳ አንድ ቀን ዐርፏል» አለችው።

ናሙናው ታትሞ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ቪዚቲንግ ካርድ ሊወስድ የመጣ አንድ ሰው ሥዕሉን አየና በር ድረስ ወጥቶ ውጭውን ሰማይ ተመልክቶ ተመለሰ። ዘረሰናይ ከዚህ የበለጠ ሽልማት አልጠበቀም፤ ከዚህ የበለጠም አላገኘም።

ጋሽ ዋቅቶላ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሥዕሉን ከጥግ እስከ ጥግ ቃኙት።

«ይሄን ፎቶ መቼ አነሳኸው?»

«ፎቶ አይደለም ጋሼ፣ የሣልኩት ነው።»

«በእጅህ?»

«በእጄ።»

«ጎበዝ! እጅህ ይባረክ!» ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «እና መቼ ነው የሚዘንበው?»

«ምን አሉኝ?»

«ይሄ እኮ ዝናብ ያዘለ ነው። የኔ ልጅ፣ እኔ የማከራየው ሜዳ ነው፤ ጣራ የለውም። ሙሽራ ከነቬሎዋ ይሄን አይታ ቦታ ትይዛለች?»

«እርስዎ እኮ ጥርት ያለ ይሁን ብለውኛል!»

«ጥርት ያለ ሰማይማ ምንም የሌለበት ነው! እኔ አማርኛን የተማርኩት ጺም ካወጣሁ በኋላ ነው፤ አንተን ምን ነካህ?»

ወይዘሮ ሙሉጌጥ ጥግ ላይ ወዳለው የቀለበት መምቻ ዞር ብለው አዩ።

«ትንሽ ላሳሳው?» አለ ዘረሰናይ።

«ካፊያም ዝናብ ነው።»

ዘረሰናይ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። ደመናዎቹን ባንድ ላይ አስሮ አስቀምጧቸው ስለነበር ለመጥፋት የአንድ ቁልፍ ንክኪ በቃቸው። ከሥር የቀረው ሥራውን ሲጀምር ሳያስብበት የደፋው ሰማያዊ ቀለም ነው።

«እሱ ነው!» ጋሽ ዋቅቶላ አጨበጨቡ። «አየህ፣ ስትፈልግ ትችላለህ!»

«እጁ ፈጣን ነው» አሉ ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ ራሳቸው እንዳሳደጉት ሁሉ።

ማስታወቂያው ቆመ፤ ሜዳው ሙሽራ በሙሽራ ሆነ። በአካባቢው ሜዳና አዳራሽ ያለው ሁሉ «የጋሽ ዋቅቶላን ዓይነት ሰማይ» እያለ ወደ ሲግናል ይመጣ ጀመር። ዘረሰናይ ከወንበሩ የሚነሳው ደንበኛ ለመጨበጥ ብቻ ሆነ፤ ጨብጦ ይቀመጥና ሰማያዊ ይደፋል። ወይዘሮ ሙሉጌጥ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁት «የሰማይ ስፔሻሊስታችን» ይላሉ።

በቀደም አንዲት ደንበኛ ባዶውን ሰማይ ትክ ብላ ካየች በኋላ፣ «እንዲህ ለመሥራት ብዙ ሳያለፋ አይቀርም፣ አይደል?» ብላ ጠየቀችው።

«መሥራቱስ ቀላል ነው፤ ማጥፋቱ ነው የከበደኝ» አላት።

ትሕትናውን በጣም አደነቀችለት።