አሥረኛው ጥሩምባ

መጀመሪያ የከዳችኝ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ናት። አሶሳ ውስጥ በአንድ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እየተጫወትኩ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ የዳሱ ሙቀት ሰው ይቀቅላል። ላይኛውን ኖታ ልነካ ስል ጣቴ ሳትደርስ ቀረች። ደገምኩ። አሁንም ቀረች። እኔ ደግሞ ሰይድ ነኝ፤ በዚህ ከተማ ስንትና ስንት ሙሽራ ያስጨፈርኩ፣ በፈጣን ቀኝ እጄ የምኮራ፣ ትንሽም የምኮፈስ ሰው። ጥፋቱ የራሴ ነው ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ኪቦርዱን ጠረጠርኩ። ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ቁልፎቹን በመሐረብ ጠረግሁ። «ይሄ ዕቃ አርጅቷል» ብዬ ለዘፋኙ በምልክት ነገርኩት።

ሥራችንን ለማታውቁ አንድ ነገር ላስረዳ። ኪቦርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ምት አለ፤ እኛ «ስታይል» እንለዋለን። አንዴ ከተነሣ ተጫዋቹ እጁን ቢያነሣም ከበሮውና ቤዙ ይቀጥላል። ስለዚህ ሙዚቃው አልቆመም። ሰው ይጨፍራል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ እኔ ደግሞ ስትሮክ እየመታኝ ነው። ማንም አላወቀም። እኔም አላወቅሁም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲሁ ባከነ።

ከዚያ ክንዴ ከበደኝ። ዘፋኙን ልጠራው አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም። ከወንበሬ ተንሸራተትኩ።

አንዱ «ሙቀት ነው» አለ። አንዱ «ጅኒ ነው» አለ። አንዱ ሽንኩርት ቆርጦ አፍንጫዬ ላይ ያዘ። ሌላው ለስላሳ አፌ ውስጥ ጨመረ። መዋጥ አቃተኝ። ትን አለኝ። ልሞት ነው አልኩ።

ያዳነችኝ ከሠርገኞቹ መሀል የነበረችው ባለቤቴ አስያ ናት። አስያ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ሠላሳ ልጅ በአንድ ጩኸት ፀጥ የምታሰኝበት ድምፅ አላት። እናቷን በዚሁ በሽታ ስላጣች ፊቴን እንዳየች ገባት። «አፉ ተጣሟል! ምንም እንዳታጠጡት! ባጃጅ ጥሩ!» አለች። በጎኔ አስተኝታ አፌን በነጠላዋ ጠረገች። ባጃጁ ሆስፒታል እስኪደርስ ስሜን እየጠራች ነበር። «ሰይዴ፣ ሰይዴ።» መልስ መስጠት አልቻልኩም።

ዶክተሩ ወጣት ነው፣ የፓዌ ልጅ። «ሁለቱንም እጅህን አንሣ» አለኝ። ቀኜ ወደቀ። «ፈገግ በል» አለኝ። ግማሽ ፊቴ ብቻ ሳቀ። ግፊቴ 210 በ120 ነበር። ሲቲ ስካን ከተነሣሁ በኋላ ደም መፍሰስ እንደሌለ ታወቀ፤ ኢስኬሚክ ስትሮክ ነው፣ ደም የረጋበት ማለት ነው። አስፒሪን የጀመሩልኝ ይህንን ካረጋገጡ በኋላ ነው።

«የግፊት መድኃኒት ትወስድ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አስያ «ይወስዳል» ብላ መለሰችልኝ። አምሎዲፒን ታዞልኝ ነበር። ቁርጭምጭሚቴን ሲያሳብጠኝ፣ ደግሞም ምንም ሳያመኝ ሲቀር፣ ለማንም ሳልናገር ካቆምኩት አራት ወር ሆኖኝ ነበር። አስያ ይህን ያወቀችው የመድኃኒቱን ብልቃጥ ሙሉውን ሻንጣዬ ውስጥ ስታገኘው ነው። ምክንያቱን ተንተባትቤ ስነግረው ዶክተሩ አልተቆጣም። «እግርህ ሲያብጥ ብትነግረን እንቀይርልህ ነበር» አለኝ። «ግፊት አይጮህም። ችግሩ እሱ ነው።»

ዐሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። ቤት ስገባ ቀኝ እጄ ደረቴ ላይ እንደተጣጠፈ ነበር፤ ጣቶቼ አይዘረጉም። ንግግሬ ይንተባተባል። አስያን የለመንኳት የመጀመሪያ ነገር ኪቦርዱን በአንሶላ እንድትሸፍንልኝ ነው። ልየው አልቻልኩም። ሐዘን እንደተቀመጠ ሰው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛ ነበር። በዚህ ጊዜ ያለቀሰ ወንድ ካለ አይፈር፤ እኔ ሕፃን ሆኜ ነው ያለቀስኩት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ በሳምንት ሦስት ቀን ታሠራኝ ነበር። ባቄላ ከሳህን ወደ ሳህን፣ የልብስ መቆንጠጫ መክፈትና መዝጋት። «አቶ ሰይድ፣ አንጎል የሚማረው በመደጋገም ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለኛለች። እኔም በልቤ «እንቁላሉ ይሂድ፣ እኔ ግን ባቄላ ሰለቸኝ» እላለሁ። በስድስተኛው ሳምንት ጠቋሚ ጣቴ ቀና አለች። ሌሎቹ አልቀኑም። አንዲት ጣት! ግራዬ ከማጀብ በቀር ዜማ አያውቅም፤ ለኪቦርድ ተጫዋች አንዲት የቀኝ ጣት ምን ታደርግለታለች ብዬ ሐዘኑ ባሰብኝ።

በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን አባባ ኢድሪስ እንደገና ሊጠይቁኝ ቤት መጡ። እሳቸው የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ የሰፈራችን የዙምባራ ቡድን መሪ። ዙምባራ በርታዎች ከቀርከሃና ከቅል የሚሠሩት ረጅም ጥሩምባ ነው። አንድ ጥሩምባ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ አንድ ሰውም አንዱን ብቻ ይነፋል፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም በየተራው ሲገባ ነው። እኔ ከወሎ የሠፈሩ ሰዎች ልጅ ነኝ፤ እዚሁ ተወልጄ ዙምባራ እየሰማሁ አደግሁ፣ ግን አልሰማሁትም ብል ይቀላል። ስንት ሠርግ ላይ የኪቦርዴን ድምፅ ከፍ አድርጌ እንደዋጥኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ኖታቸው ልክ አይደለም እያልኩም እስቅባቸው ነበር። ሆስፒታል ሳለሁ ቀድመው ከጠየቁኝ ሰዎች አንዱ እሳቸው ሲሆኑ አፈርኩ።

ተቀመጡና አንሶላውን አይተው በዚያ በሚሰባበር አማርኛቸው ጠየቁኝ። «ይሄ ለምን ይሸፍናል?»

«አባባ፣ እጄ ሞተ እኮ። አንድ ጣት ብቻ ናት የቀረችኝ።»

«አንድ አለ?»

«አንድ አለች።»

«ኸላስ! በቃ!» አሉና ጉልበታቸውን መቱ። «እኔ አርባ ዓመት አንድ ድምፅ ነው የሚነፋ። ወላሂ ሌላ አያውቅም። ሰው ግን ጨፍሯል። አንተ አንድ ጣት አለ፣ ከኔ ምን ያንሳል?»

ሳቅኩ። ከታመምኩ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነው፤ ፊቴ በአንድ በኩል ብቻ ቢሆንም። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ነገሩ አላስቀምጠኝ አለ። አስያን ለትምህርት ዝግጅት የምትጠቀምበትን ታብሌት አምጪልኝ አልኳት።

የኪቦርዴ ቁልፍ ጉልበት ይጠይቃል። የታብሌቱ መስታወት ምንም አይጠይቅም፤ ነካ ካደረጉት ይጮኻል። አስያ አንድ የሲንተሳይዘር፣ ማለትም የድምፅ መሥሪያ፣ አፕና አንድ የመቅረጫ አፕ ጫነችልኝ። መቅረጫው ድምፆችን በየመደቡ፣ እኛ «ትራክ» በምንለው፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረበ ያስቀምጣል። አስቡት! አንዲት ኖታ በአንዲት ጣት እቀርጻለሁ። መልሼ እሰማለሁ። ቀጣዩን ደግሞ እሱ ላይ እጨምራለሁ። ሦስት ትራክ ስደርስ ዜማ ሆነ። ወላሂ ዜማ ሆነ! «አስያ! አስያ!» ብዬ በተንተባተበ አፌ ስጮህ እንደገና ስትሮክ የመታኝ መስሏት ሊጥ በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። ምክንያቱን ስነግራት መጀመሪያ ሰደበችኝ፣ ከዚያ ጆሮ ማዳመጫውን ነጥቃኝ ሰማች፣ ከዚያ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ የቀመሰ አይመለስም እንደሚባለው ሆንኩ። ባቄላው ቀረ፤ ባለሙያዋ ራሷ «ይኼው ይሻላል፣ በቀን ብዙ ጊዜ እየተደጋገመ ነው» ብላ ፈቀደችልኝ። ዘጠኝ ትራክ ሞልቼ የአባባ ኢድሪስን ቡድን ዜማ ለመሥራት ተነሣሁ፤ የቡድኑ ነፊዎች ዘጠኝ ናቸውና። ጣቴ ትዘገያለች፣ አንዳንዴም ተንቀጥቅጣ ሁለቴ ትነካለች። ይህን ለመደበቅ «ኳንታይዝ» የሚባለውን ትእዛዝ ሰጠሁት፤ ያልተስተካከለውን ኖታ ሁሉ እየጎተተ በሰዓቱ ላይ ያሰልፈዋል። ሲያልቅ በኩራት አባባ ኢድሪስን አስጠራሁ።

እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ይሄ የወታደር ሰልፍ ነው» አሉ። «ሰው የታለ? ሰው የለም እዚህ።»

ክው አልኩ። ያን ያህል የደከምኩበት! ግን ልክ ነበሩ። በዙምባራ መቁጠር የለም አሉኝ። የጎንህን ሰው ትሰማለህ፤ እሱ ሲጨርስ አንተ ትገባለህ። እሱ ከዘገየ አንተም ትጠብቃለህ። ስለዚህ ኳንታይዙን አነሣሁ፣ አፑ ምት የሚቆጥርበትን ቲክ ቲክም ዘጋሁ፣ ያለፈውን ትራክ ብቻ እየሰማሁ ቀጣዩን መቅረጽ ጀመርኩ። ያን ጊዜ የሆነውን ለባለሙያዋ ስነግራት ደብተሯ ላይ ጻፈችው፦ ቲክ ቲኩን ለማሳደድ ስትሞክር የምትንቀጠቀጠው ጣቴ ያለፈውን ድምፅ እንደ ሰው ስትጠብቅ ረጋች። ለምን እንደሆነ ሐኪም ያስረዳ፤ እኔ የሆነውን ነው የምናገረው።

ከዚያ ነፊዎቹ ራሳቸው መጡ። አባባ ኢድሪስ አንድ በአንድ ነበር የሚያስገቧቸው። ፍራሽና ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቅለን፣ በር ዘግተን፣ እያንዳንዱ በጥሩምባው የራሱን ድምፅ ታብሌቱ ላይ ነፋ። ዘጠኙን ዘጠኝ የመስታወት ቁልፍ ላይ አደረግኋቸው፤ አንዱን ስነካ አንድ ሰው ይነፋል። ያኔ ነው የኖርኩበት ድንቁርና የገባኝ፤ ድምፆቻቸው ከኪቦርዴ ኖታዎች መሀል ገብተው ይቀመጣሉ እንጂ ከየትኛውም አይገጥሙም፣ እርስ በርሳቸው ግን እንደ እጅና ጓንት ናቸው። ልክ ያልሆነው የኔ ኪቦርድ ነበር። ይህን ለዘጠኙም በአንደበቴ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። እነሱ ግን የራሳቸውን ድምፅ ከታብሌት ሰምተው በሳቅ እየፈረሱ ስለነበር ይቅርታዬን የሰማው የለም።

አባባ ኢድሪስ ብቻ አልሳቁም። «አንድ ሰው የለም» አሉ።

«ዘጠኙም አሉ አባባ፣ ይቁጠሩ።»

«ድሮ አሥር ነው። ወንድሜ ነው አሥረኛው። ሞተ። ጥሩምባው ተሰነጠቀ። ልጅ አልተካም። ስንት ዓመት ቀዳዳ ይዘን ነው የምንነፋ።»

የወንድማቸው ድምፅ የተቀረጸበት ነገር የለም። ያለው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ሲንተሳይዘሩን ከፈትኩ። እሳቸው በጉሮሯቸው ያንን ድምፅ ያንጎራጉራሉ፣ እኔ በአንዲት ጣቴ መስታወቱ ላይ ያሉትን መቆጣጠሪያዎች እገፋለሁ። ከፍ ሲል «አይደለም» ይላሉ። ዝቅ ሳደርገው «አይደለም።» ትንሽ አየር፣ ትንሽ ሻካራነት ጨመርኩ። «ቀረበ፣ ቀረበ።» አራት ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲህ ሠራን። በአራተኛው ቀን ድምፁ ሲወጣ ማንጎራጎራቸውን አቆሙ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ሱብሐነላህ» አሉ። «እሱ ነው። እሱ ነው።» ሁለታችንም ተላቀስን፤ አስያ በሩ ላይ ቆማ ሦስተኛ ሆነች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰፈራችን ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር የቡድኑ ልምምድ ነበር፤ አባባ ኢድሪስ አሥረኛውን ድምፅ ይዤ እንድመጣ ጠሩኝ። ታብሌቱን በግራ ክንዴ ታቅፌ ከድምፅ ማጉያው ጋር በገመድ አገናኘሁት፤ ብሉቱዝ ድምፅ ያዘገያል፣ እኔ ደግሞ ያለሱም የዘገየሁ ሰው ነኝ። ዘጠኙ ክብ ሠርተው ጀመሩ። ተራዬ ደረሰ። ጣቴ አልታዘዘችም። አለፈኝ። ማንም ዞሮ አላየኝም፣ ማንም አላቆመም። ዙሩ ተመልሶ መጣ። የጎኔን ሰው ሰማሁ፤ ሲጨርስ ነካሁ። ገባሁ! በሚቀጥለውም ገባሁ። በሚቀጥለውም! ቀኝ እግሬን እየጎተትኩ ከእነሱ ጋር ክቡን መዞር ጀመርኩ፤ ሴቶቹ ጭፈራውን አቀለጡት፣ አስያም እልልታዋን ለቀቀችው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በሁለት እጄ በተጫወትኩበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን እንዲያ አልሆንኩም።

አሁን እንደኔ ለታመማችሁና ለምታስታምሙ። የሰው ፊት ሲጣመም፣ ክንዱ ሲዝል፣ ንግግሩ ሲተሳሰር ካያችሁ ሽንኩርት አትፈልጉ፤ አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ አስፒሪንም ከራሳችሁ አትስጡ፤ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፣ ዶክተሩ ይጠይቃችኋል። የግፊት መድኃኒት ባይስማማችሁ እንኳ ሄዳችሁ ተናገሩ እንጂ እንደኔ ሻንጣ ውስጥ አትደብቁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። ስትድኑም ጣታችሁ የምትወደውን ሥራ ስጧት። እኔ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቴን እውጣለሁ፣ ግፊቴን እለካለሁ። አውራ ጣቴ መንቀሳቀስ ጀምራለች። የቀሩት ይምጡ አይምጡ አላህ ያውቃል።

አላህ ይመስገን። አስያን፣ ዶክተሩን፣ ያችን የእንቁላል ተረት የማይሰለቻትን ባለሙያ አመሰግናለሁ። አባባ ኢድሪስን ግን ማመስገን አልተሳካልኝም። ባለፈው ቤታቸው ሄጄ፣ ንግግር ተለማምጄ፣ ያደረጉልኝን ሁሉ ልዘረዝር ስጀምር እጃቸውን አወዛወዙ።

«እሱ ይቆያል» አሉ። «ዓርብ ልምምድ አለ። ቶሎ ና። አንተ ካልመጣ ቀዳዳ አለ።»

እሺ ብዬ ተነሣሁና ታብሌቱን ቻርጅ ላደርግ ወደ ቤቴ ሄድኩ።