የአማቴ እንቁላሎችና የሞቀው ሬዚስተር

ባገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አማቴ ጫጩት ማስፈልፈል አማራቸው። ቤታቸው ከኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። አንድ እሁድ ምሳ በልተን ስንጨርስ ወደኔ ዞሩና፣

«አንቺ ኤሌክትሮኒክስ ትጠግኚ የለ? እንቁላል የሚያሞቅ ሳጥን ሥሪልኝ» አሉኝ።

ዝምተኛ ሴት ስለሆኑ እፈራቸው ነበር፤ ከሰላምታ ያለፈ ብዙም አውርተን አናውቅም። ስለዚህ ሲጠይቁኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ከፎም ሳጥን፣ ከሁለት አምፖሎችና ከአንዲት ትንሽ ቦርድ መፈልፈያውን ሠራሁት። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የሙቀት ሴንሰር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የማገድ አቅሙ፣ ይቀንሳል። ቦርዱ ላይ ደግሞ ሬዚስታንሱ መለወጥ የሌለበት ሬዚስተር አለ። ቦርዱ ሁለቱን እያስተያየ፣ የሴንሰሩ ከሬዚስተሩ በታች ሲወርድ አምፖሎቹን ያጠፋል፤ ከፍ ሲል ያበራል። የምሠራበት ሱቅ ጠረጴዛ ላይ፣ ቦርዱን ከሳጥኑ ውጭ አድርጌ ስሞክረው ምንም እንከን አልነበረውም።

ቅዳሜ ጠዋት ወሰድኩላቸው። ቦርዱን ከክዳኑ ሥር፣ ከአምፖሎቹ በላይ አሰርኩት። መጀመሪያ ባዶውን እንሞክረው ብል አማቴ እንቁላሎቹን ደርድረው ጨርሰዋል። ረፋዱ ላይ ሳጥኑ ላይ የሰካሁት ቴርሞሜትር ከልኩ በላይ መውጣት ጀመረ፤ አምፖሎቹ ግን አይጠፉም።

«ምነው ልጄ፣ ልንቀቅላቸው ነው እንዴ?»

ክዳኑን ከፍተን በካርቶን ማራገብ ጀመርን። ላብ አጠመቀኝ። ሳጥኑ ቀዝቀዝ ሲል ቦርዱን ፈታሁና ሬዚስተሩን ነቅዬ ሬዚስታንሱን በሚለካው መልቲሜትር ያዝኩት፤ ከዚያ የአማቴን የፀጉር ማድረቂያ ለቀቅኩበት። ቁጥሩ ዝቅ፣ ዝቅ አለ።

ከአሮጌ ሬዲዮ የነቀልኩት የካርቦን ሬዚስተር ነበር። ካርቦን ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይወርዳል። እሱ በወረደ ቁጥር ቦርዱ ሳጥኑ ገና አልሞቀም ብሎ አምፖሎቹን እንደበሩ ያቆያል፤ አምፖሎቹ በቆዩ ቁጥር ደግሞ እሱ ይብሱን ይሞቃል።

«እማዬ፣ ጥፋተኛዋ ይቺ ነች» ብዬ አሳየኋቸው።

«ይቺ የሩዝ ፍሬ የምታክለው?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ሙቀት ብዙም የማይለውጠው፣ በስስ ብረት የተሠራ ሬዚስተር ሱቃችን ውስጥ አለ። እስክመለስ በእጃቸው እንዲያበሩና እንዲያጠፉ አምፖሎቹን በቀጥታ ከማብሪያ ጋር አገናኝቼላቸው፣ ታክሲ ለመያዝ ወደ ማዞሪያው ሮጥኩ። ስመለስ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ቴርሞሜትሩ ላይ ተክለው መዝሙር ይዘምራሉ።

«ሲወርድ አበራለሁ፣ ሲወጣ አጠፋለሁ። ያንቺ ማሽን ይሄ አቅቶት ነው?»

አዲሱን በየድኩና ቦርዱን ከሳጥኑ ውጭ፣ ነፋስ የሚያገኝበት ጎን ላይ አሰርኩት። ከዚያ ሁለታችንም ለማመን ስለፈራን አጠገቡ ተቀምጠን ዋልን። ሙቀቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እሳቸው ከገጠር መጥተው ጨርቅ መሸጥ የጀመሩበትን ጊዜ እያወሩ እኔን በሳቅ ገደሉኝ። ባለቤቴ ሊወስደኝ ሲመጣ «እናንተ ደግሞ መቼ ነው እንዲህ የተዋወቃችሁት?» አለ።

ጫጩቶቹ የተፈለፈሉት የቸርች ሰዎች ለጸሎት እሳቸው ቤት በተሰበሰቡበት ቀን ነው። ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ሳለ ከጓዳ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዱን ዓይኔን ገለጥ ሳደርግ አማቴም እንደኔው ገልጠው ያዩኛል። ጸሎት መሪው ገና ረጅም መንገድ ይቀረው ነበር።

«አሜን በሉና ተነሱ!» አሉ አማቴ። «ጫጩቶቼ መጡ!»